እርቁን በጣቴ ያጠፋሁ ለታ

ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል ይላሉ። እኔን ውሃም አላስፈለገኝ። በግንቦት መጨረሻ፣ የላስታ ብርድ ጋቢ በሚያስደርብበት ጠዋት፣ ላሊበላ ውስጥ ባለችው ጠባብ ሱቄ ቁጭ ብዬ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ እስኪለጠፍ አልቦኛል። ያስላበኝ ደግሞ ጅብ አይደለም፣ ሽፍታም አይደለም። ጥቁር መስኮት ላይ ብልጭ ድርግም የምትል አንዲት ነጭ ጭረት ናት።

ከመነሻው ልናዘዝላችሁ፤ ፈሪ ነኝ። መርፌ እፈራለሁ፣ የማላውቀው ስልክ ቁጥር እፈራለሁ፣ “አንድ ነገር ልጠይቅህ ነበር” ብሎ ዝም የሚል ሰው እፈራለሁ። ሚስቴ ይመኙሻል፣ “ሌላው ሰው ሌባ ፈርቶ ውሻ ያሳድጋል፤ የኔ ባል ውሻ ፈርቶ ለሌባ በር ይከፍታል” ትላለች። እንዲህ ያለ ሰው አደራ ይቀበላል? ተቀበልኩ እንጂ!

ሥራዬ ሰርግ መቅረጽ ነው። ድሮ አስጎብኚ ነበርኩ፤ የእንግዳው እግር ሲሳሳ ካሜራ ገዛሁና ሙሽራ ማስጎብኘት ጀመርኩ። ኮምፒውተሬን የተወልኝ አንድ የቀድሞ እንግዳዬ ነው። ሊኑክስ የሚባለው ነው የተጫነበት፤ ብዙውን ነገር ትእዛዝ እየጻፉ የሚያዙት ዓይነት። ከትእዛዙ ሦስቱን ብቻ ነው የማውቀው። ግን ደንበኛ ሲገባ ጥቁሩን መስኮት ከፍቼ አቀረቅራለሁ። ያስከብራላ! “ይኸ ልጅ የተማረ ነው” ያሰኛል። ጉዴን ያመጣውም ይኸው የተማረ መምሰሌ ነው።

ጥር ላይ ሁለት ቤተሰብ ታረቀ። ከነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን በላይ ባለው ገጠር የሚኖሩ ጎረቤታሞች ናቸው፤ የአንደኛው አባወራ አያ መኮንን፣ የሌላኛው አያ ተገኘ። ከአባቶቻቸው ጀምሮ በመካከላቸው ደም አለ። ከወዲህም አንድ ሰው ወድቋል፣ ከወዲያም አንድ ሰው ወድቋል። የጠቡ ምክንያት አንድ ወይራ ሥር ያለች ቁራጭ መሬትና ከሥሯ የሚወጣ ምንጭ ነው። ያስታረቋቸው ሸህ ይማም ናቸው፤ ጋሸና መንገድ ላይ እህል የሚነግዱ፣ ንግግራቸው ቀስ ያለ፣ ዓይናቸው ግን ቀስ ያላለ ሽማግሌ። የክርስቲያን ጠብ ሲከር እስላም ሽማግሌ ይፈለጋል፣ የእስላሙ ሲከር ደግሞ ክርስቲያን፤ በወሎ ያለ ነው። ለማንም የማያዳላ ቪዲዮ ቀራጭ ሲፈለግ ደግሞ እኔ ተገኘሁ። አባቴ ከሙጃ የመጣ ነው፤ ከሁለቱም ወገን በሥጋም በጋብቻም አልገናኝም።

ቀረጽኩ። በሬው ሲታረድ፣ አያ መኮንን ድንጋይ ተሸክመው ይቅርታ ሲሉ፣ አያ ተገኘ ድንጋዩን ከትከሻቸው ሲያወርዱላቸው፣ ኋላም ሁለቱ ተነስተው በየተራ ቃላቸውን ሲሰጡ ቀረጽኩ። ሲያልቅ አንድ የማይረባ ጥያቄ ጠየቅሁ።

“ቪዲዮውን ማን ብዬ ላስቀምጠው?”

“የመኮንንና የተገኘ እርቅ በለው” አለ አንዱ።

“መኮንን የሚቀድመው በምን ሒሳብ ነው?” አለ የአያ ተገኘ ወንድም።

“በዕድሜ ነዋ!”

“በዕድሜ ከሆነማ እናንተ የገደላችሁብን ሰው ዛሬ ስንት—”

እናንተዬ፣ የእርቁ ሥጋ ከጥርሳቸው ሳይወጣ ዱላ ተነሳ። እኔ ካሜራዬን ታቅፌ ከድንኳኑ ምሰሶ ጀርባ ነበርኩ። ሸህ ይማም እጃቸውን ዘረጉ።

“ስም አይውጣለት” አሉ። “አንድ ብለህ ቁጥር ስጠው። ደግሞ ስማኝ፣ ልጄ፤ ሁለት ቦታ እንዳታስቀምጠው። ሁለት ቦታ ከተቀመጠ ሁለት ቃል ይሆናል። አንዱ የኔ ትክክል ነው ይላል፣ ሌላው ያንተ ተቆርጧል ይላል። አንድ ቦታ ይቀመጥ፤ አደራው ያንተ ነው።”

እሺ አልኩ። ምን እላለሁ ታዲያ? እንግዲህ የሁለት ቤተሰብ ሰላም፣ ስም የሌለው፣ ቅጂ የሌለው፣ አንድ ተብሎ እኔ ዲስክ ውስጥ ገባ።

ፋሲካ አልፎ የሰርጉ ወራት መጣ። ዲስኩ ሞላብኝ። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ማጽዳት ጀመርኩ። ካሜራው ለማንኛውም እርባና ቢስ ቀረጻ የሚሰጠው ስም ቁጥር ነው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ይሄዳል። የረባውን ነገር እኔ ስም አወጣለታለሁ። ስለዚህ ስም የሌለውን ሁሉ ጠራርጌ አጠፋሁት። ተመልሶ ከቅርጫት እንዳይለቀም አድርጌ፣ ለዘላለሙ። ያፏጨሁም ይመስለኛል።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ሐሙስ ጠዋት ሸህ ይማም ደወሉ።

“እንዴት አደርክ ልጄ?”

“እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎስ እንዴት አደሩ?”

“አልሃምዱሊላህ። ስማ፣ እነዚያ ሰዎች ሁለት ቃል አመጡ። መኮንን ‘የወይራዋን መሬት አልሰጠሁም’ ይላል። ተገኘ ደግሞ ‘ከምንጩ የመኮንን ከብት ይጠጣል አላልኩም’ ይላል። ትላንት ልጆቻቸው ሞፈር ይዘው ተጋጠሙ። ጠመንጃው ሳይመጣ ቅዳሜ ገበያ እንወርድና ያንተ ቪዲዮ ይፍረደን።”

“እሺ” አልኩ።

ዲስኩን ከፈትኩ። አንድ የለም። ዘጋሁና እንደገና ከፈትኩ፤ ሰው መቼም ሲደነግጥ ማሰሮ ውስጥ በሬ ይፈልጋል። የለም። ያን ጊዜ ያ የጽዳት ቀን ትዝ አለኝና ወሽመጤ ብጥስ አለ። በሐሳቤ ያየሁት ቪዲዮ አልነበረም፤ ሬሳ ነው። አንዱ ልጅ ወይራው ሥር ተደፍቶ፣ ሌላው ምንጩ ዳር፣ በመካከላቸው እኔ ካሜራ ይዤ።

ይመኙሻል ነገሩን ስነግራት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። “በማርያም! ለሰው ነፍስ ትበቃለህ ብዬ መቼ አስቤ!” አለች። ማጽናናቷ ነው።

ደሴ ከተማ ካሳሁን የሚባል ጓደኛ አለኝ፤ ኮምፒውተር ያስተምራል። ያንን ዲስክ ድሮ ያዘጋጀልኝም እሱ ነው። ደወልኩለት።

“ከዚያ ወዲህ ዲስኩ ላይ ሌላ ነገር ጭነሃል?” አለኝ።

“ሁለት ሰርግ።”

“እንግዲህ ሙሽሮቹ በማን ላይ እንደተቀመጡ ፈጣሪ ይወቅ። ከአሁን በኋላ ግን አንዲት ነገር እንዳትጽፍበት። ዲባግ ኤፍ ኤስ የሚባል መሣሪያ አለ፤ በጥቁሩ መስኮት በትእዛዝ ነው የሚሠራው። የዲስኩን መዝገብ ከነሆድ ዕቃው ይዘረግፍልሃል። ፋይል ሲጠፋ ስሙ ይፋቃል እንጂ ዕቃው ወዲያው አይነሳም፤ ዲስክህም በድሮው አሠራር ስለተዘጋጀ ዕድል አለህ። መሣሪያው መዝገቡን ማረምም ይችላል። አንተ ግን አታርም፤ እይ ብቻ። ደብልዩ የምትባል ፊደል አለች፤ እሷ ከተጨመረች መጻፍ ይፈቀድልሃል። እሷን በምንም ዓይነት—”

ኔትወርኩ ተቆረጠ።

በምንም ዓይነት ምን? እንዳትጨምራት? እንዳትረሳት? ልብ ያለው ሰው ቀድሞ የተባለውን አስታውሶ ይፈርዳል። እኔ ልቤ ከድቶኛል። ደግሜ ደወልኩ፤ የለም። ሱቁ ጣሪያ ሥር ወንበር ላይ ወጥቼ ደወልኩ፤ የለም። አንድ ሰዓት ጠበቅሁ። በመጨረሻ ደብልዩን ጨመርኳት። ለምን አትበሉኝ። ፈሪ ሰው ምንም ካላደረገ የሞተ ስለሚመስለው ያልሆነውን ያደርጋል።

መሣሪያው ገባ። እንኳን ደህና መጣህ የለ፣ ተጠንቀቅ የለ። ነጯ ጭረት ብቻ ብልጭ ድርግም እያለች “ሃ?” ትለኛለች። ጣቴን ከቁልፉ ላይ አንስቼ እጆቼን ብብቴ ውስጥ ከተትኳቸው። ስልኬ ጮኸ።

“ገባህ?” አለ ካሳሁን።

“ገባሁ።”

“በደብልዩ እንዳይሆን ብቻ።”

“በደብልዩ ነው።”

በስልኩ ውስጥ ወንበር ሲወድቅ ሰማሁ።

“ምን ምን ነካካህ?”

“ምንም። ተንፍሻለሁ።”

“ውጣ! ኪው የምትለዋን ፊደል ጽፈህ ቀስ ብለህ ውጣ! አንዲት የተሳሳተ ትእዛዝ ብትጽፍ ኖሮ እኮ የሰርጉንም ከነሙሽራው ነበር የምትቀብረው!”

ወጣሁ። ያን ለታ መብራት ሄዶ ስላልተመለሰ ሐሙስ በዚሁ አለቀ።

ዓርብ በጠዋት መብራቱ መጣ። ያለ ደብልዩ ገባሁና የጠፉትን ዘርዝር የሚለውን ትእዛዝ ሰጠሁ። ወይ ጉድ! መስኮቱን ሞልተው ወረዱ። አንዳቸውም ስም የላቸውም። ቁጥር፣ የባለቤት ቁጥር፣ መጠን፣ የጠፉበት ቀን፤ ይኸው ብቻ። የመቃብር ቦታ ዘበኛ የሆንኩ መሰለኝ። ባለፉት ዓመታት በዚህች ዲስክ ላይ ስንቱን ጨርሻለሁ!

“ቀኑን ካወቅህ ትለየዋለህ” አለ ካሳሁን በስልክ።

ቀኑን ማን ያውቃል? ይመኙሻልን ጠየቅኋት።

“ያ ዲስክህን ስትጠርግ የዋልክበት ቀን ነው? ጊዮርጊስ ነበራ!” አለች ሳታስብ። “የሚያዝያ ጊዮርጊስ። እኔ ከማኅበር ስመለስ አንተ ሱቅህን ዘግተህ ታፏጫለህ። ‘በዓል አይደለም ወይ፣ ለምን ትሠራለህ’ ብልህ ‘እያጸዳሁ እንጂ እየሠራሁ አይደለም’ አልከኝ። በበዓል የነካኸው ነው የተበቀለህ።”

የሚያዝያ ጊዮርጊስ ደግሞ የሠራተኞች ቀን ነው፤ በፈረንጁ አፍ ሜይ አንድ። ወረድኩ ወረድኩና አገኘሁት፤ በዚያች ቀን ብቻ አርባ አንድ ፋይል ፈጅቻለሁ። የጊዮርጊስ ለታ! ፈረሱን ይዞ ቢመጣብኝስ ምን እመልስለታለሁ? ጥላ እሳልሃለሁ አልኩት። ትንሽ ቆይቼ አንድ በግ ጨመርኩ።

ከአርባ አንዱ ትልልቆቹ አምስት ናቸው። አንዱን ወደ ሌላ ዲስክ ቅዳልኝ ብዬ አዘዝኩ። “እንዲህ ያለ ፋይል የለም” አለኝ። ደግሜ ጻፍኩ፤ የለም። ጭንቅላቴን ይዤ እንደ ሐዘንተኛ ስወዘወዝ ካሳሁን ጮኸብኝ፤ ለካ ቁጥሩን በሾለ ቅንፍ ውስጥ ማስገባት ነበረብኝ። አስገባሁ። አሁን ደግሞ ምንም አላለም። ይኸ መሣሪያ ሲሳካለትም ዝም፣ ሲበላሽበትም ዝም ነው፤ እንደ አማቴ።

የተቀዳውን ከፈትኩት። እርቅ አይደለም። አንድ የከተማችን የተከበረ ሰው በልጃቸው ሰርግ ላይ ሞቅ ብሏቸው ተጎንብሰው የሙሽራዋን እናት ጉልበት ሲስሙ ነው። ይኸን እንዳጠፋላቸው በቤተ ክርስቲያን ደጅ አስምለውኛል። ምዬም አጥፍቻለሁ። አለ እንጂ! ሰው “አጥፋልኝ” ብሎ የለመነኝ ሁሉ እዚያ ውስጥ ቁጥሩን ታቅፎ ተኝቷል። ካላገኘሁት መሞቴ ነው ብዬ ስፈራ የነበርኩት ሰውዬ፣ አሁን ደግሞ ያገኘሁት ያስፈራኝ ጀመር።

ሁለተኛውን ልቀዳ ስል በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። አያ መኮንን ናቸው። ብቻቸውን፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው። ወንበር ሰጥቼ ቆምኩ። ወጪ ወራጁን አይተው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

“ልጄ፣ ያ ነገር አለ?”

“አለ፣ አያ” አልኩ። ውሸት ከሞት ያተርፋል ብዬ።

“እኔ የተናገርኩበት አለች አይደል? ‘ከወይራዋ ወዲህ ያለው መሬት የተገኘ ይሁን’ ያልኩባት። ሰው በልቶ ጠጥቶ ሲቀመጥ ስንቱን ይላል! እሷን ብቻ እንደምንም ቆረጥ አድርግልኝ። አንተ የተማርክ ነህ፤ አይታወቅብህም። የሞተ አባትህን ነፍስ ይማር!”

ቃላቸውን አንዲት ሳትጎድል ያውቋታል! “እህ” አልኩ። እሺ ማለት እንዳልሆነ በማርያም እምላለሁ። እሳቸው ግን እሺ አድርገው ወሰዱት፤ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ወጡ።

ሰዓት አልሞላም፣ አያ ተገኘ በጓሮ በኩል መጡ። በጓሮ! የሱቄ ጓሮ በር እንዳለው እኔም ረስቼው ነበር።

“‘ከምንጩ የመኮንን ከብት ይጠጣ’ ያልኩባትን እንዴት አድርገህ ብታጠፋልኝ ነው?” አሉ። “እኔ ብቻዬን እንዳልመስልህ፤ ልጆቼ ናቸው ያስቸገሩኝ። መምጣቴን ግን ሰው ከሰማ ቀብረኸኛል።”

ለእሳቸውም “እህ” አልኩ።

ሲሄዱ በሩን በሁለቱም በኩል ቀርቅሬ ተቀመጥኩ። አስቡት፤ አሁን ባላገኘው ሁለቱም ወገን ገደለኝ፤ ባገኘውና ሙሉ ባሳይ ሁለቱ ሽማግሌዎች “እህ ብለኸን አልነበር ወይ” ብለው ገደሉኝ። ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ቀዳሁ፤ እርቅ አይደሉም። ከዲስኩ አጠገብ የዳዊት መጽሐፍ አስቀምጬ አራተኛውን ቁጥር በቅንፍ ጻፍኩ። ዝም። ከፈትኩት። በሬው! በሬው እየተጎተተ ሲመጣ አየሁት! እዚያው ተንበርክኬ ስለቱን በግ ወደ ወይፈን አሳደግሁት። ወይፈን ከየት እንደማመጣ ጊዮርጊስም እኔም አናውቅም።

እስከ መጨረሻው አየሁት። መታረዱ አለ፣ ድንጋዩ አለ፣ መሳሳሙ አለ። አያ መኮንን ቃላቸውን ሊሰጡ ተነሱ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ምስሉ አረንጓዴ ሆነ፤ ድምፁም ሽው ብሎ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ሙሽሮቹ የተቀመጡት እዚያች ላይ ነበር።

ቅዳሜ ገበያው ሲሞላ ሱቄም ሞላች። አሥራ አንድ ሽማግሌ ውስጥ ተደርድሯል። የሁለቱ ወገን ልጆች ውጪ፣ ወዲህና ወዲያ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ከጋቢያቸው ሥር ያለው ነገር ዱላ እንዲሆን ተመኘሁ፤ ግን ዱላ እንደዚያ አይከብድም። አስቀድሜ ልናገር ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትኩ፣ ሦስት ጊዜ ምራቄን ዋጥኩ። ይመኙሻል በጓሮ በር ቆማ በዓይኗ “ተናገር” ትለኛለች። ቪዲዮውን ለቀቅሁት።

“ላሳልፈው?” አልኩ በሬው ሲጎተት።

“አይሆንም” አሉ ሸህ ይማም። “ከመጀመሪያው እንየው።”

ሁለት ሰዓት ሙሉ አየን። አያ መኮንን ድንጋዩን ተሸክመው ሲታዩ አንድ ሽማግሌ ዓይኑን ጠረገ። እኔ የምጠርገው ላቤን ነው። አያ መኮንን ተነሱ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አፋቸውን ከፈቱ። አረንጓዴ።

ሽው የሚለው ድምፅ ሱቁን ሞላው። አሥራ አንዱም ወደ እኔ ዞሩ። ውጪ አንዱ ልጅ ከግድግዳው ላይ ተነሳ፤ ሌላኛውም ተነሳ። ዛሬ ሰው ይሞታል፣ የገደልኩትም እኔ ነኝ ብዬ፣ በሕይወቴ አንዴ እንኳ እውነቱን ልናገር ቆምኩ።

“እ-እኔ... ጥፋቱ... ማለቴ ይኸ ቪዲዮ እንዲህ የሆነው—”

“ተወው!” ብለው አያ መኮንን ከመቀመጫቸው ዘለሉ። ፊታቸው አመድ መስሏል። “ተወው፣ ልጁን አታስጨንቁት! እኔ በሕይወት እያለሁ ቃሌን ከዕቃ ትጠይቃላችሁ? ከወይራዋ ወዲህ ያለው መሬት የተገኘ ነው ብያለሁ! አሁንም ብያለሁ!”

ወደ አያ ተገኘ አየሁ። ዓይናቸው አፌ ላይ ተተክሏል። ያን ዓይን አውቀዋለሁ፤ ሦስት ቀን በመስታወት ሳየው የሰነበትኩት የራሴ ዓይን ነው።

“እኔም!” አሉ አያ ተገኘ ተሽቀዳድመው። “ምን ቪዲዮ ያስፈልጋል! ከምንጩ የመኮንን ከብት ይጠጣል። ጥማድ በሬውም ይጠጣል፤ ከፈለገ በጎቹም ይጠጡ!” በጎች ጥር ላይ አልነበሩም፤ ከፍርሃት የመጡ ናቸው።

ሽማግሌው ሁሉ “ይበል!” አለ። ሸህ ይማም እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ እኛም አሜን አልን። ውጪ ያሉት ልጆች አባቶቻቸው ሲሳሳሙ በመስኮት አይተው ወደ ገበያው ተበተኑ። እኔ ወንበሩን እየዳበስኩ ተቀመጥኩ።

ሰው ወጥቶ ሲያልቅ ሸህ ይማም ቀሩ። በሩን ገፋ አደረጉት።

“ከሁለቱ ማን ነው መጥቶ ያስቆረጠህ?”

ዝም ብል ማምለጫ ነበረች። አንዱን ብጠራም እውነት ይመስል ነበር። ግን እነዚያን ሁለት ሽማግሌዎች በኔ ጥፋት ማሳማት ከበደኝ።

“ማንም አላስቆረጠኝም” አልኩ። “ሰርግ ልጭን ብዬ ስም የሌለውን ሁሉ ሳጠፋ አብሮ ጠፋ። እኔው ነኝ፣ ሸህ። ሊለምኑኝስ ሁለቱም መጥተው ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ቀድሞ ጠፍቷል።”

ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። እየሳቁ ነው።

“አብሽር፣ ልጄ፣ አብሽር” አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። “ለማን ነገርክ?”

“ለሚስቴ። ደሴ ላለ አንድ ጓደኛዬም።”

“በዚሁ ይብቃ። መኮንን ‘በኔ ልመና ነው የተቆረጠው’ ብሎ ያፍራል፤ ተገኘም እንደዚያው። እነሱ እያፈሩ እስከኖሩ ድረስ ድንበሩ አይነካም። የጠፋው ባንተ ጅልነት እንደሆነ የሰሙ ለታ ግን ሁለቱም አንገታቸውን ቀና ያደርጋሉ። ያን ጊዜ ጠመንጃው አብሮ ቀና ይላል። አደራ!”

ይኸው ሌላ አደራ። ያውም ምላስ ላይ የተቀመጠ፤ በቅንፍ አይከተት፣ በቁጥር አይቆለፍ። አያ መኮንን ቅዳሜ ቅዳሜ ማር ይልኩልኛል፣ አያ ተገኘ ምስር። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ሁለቱም ቆብ ያነሱልኛል፣ ሁለቱም ቶሎ ዓይናቸውን ይሰብራሉ። ይመኙሻል ማሩን እየላሰች “ፈርተህ ትኖር ነበር፤ አሁን ደግሞ ተፈርተህ ትኖራለህ” ትላለች። እኔ ግን ማሩ አይወርድልኝም።

ደግሞ ዝም ማለት አይሆንልኝም፤ ይኸው ለእናንተም ዘከዘክሁት። ምን ይውጠኝ? እባካችሁ በማርያም፣ በአላህ፣ በምታምኑት ሁሉ ይዣችኋለሁ፤ ቅዳሜ ገበያ ወርዳችሁ አያ መኮንንን ወይ አያ ተገኘን ብታገኟቸው ስለ ዘሩ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ አጫውቷቸው። ልጆቹ አሁን ከአንዱ ምንጭ ከብት እያጠጡ ነው። ስለኔ ከጠየቋችሁ፣ “እሱ ልጅ የተማረ ነው” በሉና እለፉ።